የመኪናዋ ዋስ

ሱሌማን ኢስሀቅ ፍርሃት የሚሰማው በእግሩ ነበር። የአሮጌዋ አሜሪካ ሠራሽ መኪናው ሞተር ሲያስል የነዳጅ መርገጫው ከእግሩ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ በጉልበቱ አልፎ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ጣልያን ባሕር ዳር ከገባ ወዲህ በየሳምንቱ ማክሰኞ ወረታ ላለው የጦር ሰፈር ዳቦና ፖስታ የሚያደርሰው በዚህችው መኪና ነው። ፈቅዶ አልነበረም። አልነዳም ማለት ሸፈትሁ ከማለት አይለይም።

መኪናዋን ያገኛት ከጦርነቱ በፊት በሾፌርነት ካገለገላቸው ባላባት ነው። እሳቸው ወደ ሱዳን ሲሸሹ በደመወዙ ፈንታ ተዉለት። ሱሌማን የታንኳ ሠሪ ልጅ ነውና እንደ ታንኳ ጠገናት። የተቀደደውን መቀመጫ ታንኳ በሚሠራበት ደንገል ሞላው፤ የሚያፈሰውን የውሃ ቱቦ በዓሣ መረብ ገመድ ጠፈረው። የዓባይ ማዶ ሰዎች “የሱሌማን ታንኳ መጣች፣ መቅዘፊያ አቀብሉት!” እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ግን መኪናዋ ከዓባይ ማዶ ኬላ ጥቂት አለፍ ብላ መንገዱ መሐል ቀጥ አለች። ከኋላዋ ወታደር የጫኑ ካሚዮኖች ተደርድረው ቆሙ። ወዲያው ከቁጥቋጦው ውስጥ ተተኮሰ፤ አንድ ወታደር ቆሰለ። የኬላው ካፒቴን ሱሌማንን ከጎማው አጠገብ አንበርክኮ ሽጉጡን ማጅራቱ ላይ አሳረፈ።

“አንተ ለሽፍታ መኪና አቁም” አለው በተሰባበረ አማርኛ። “ዛሬ ምሬ። ሁለተኛ መኪና ቁም፣ አንተ ሙት።”

ማታ ሚስቱ ዘኪያ ያቀረበችለትን አልቀመሰም።

“ታመምሁ በላቸው” አለችው።

“ሐኪማቸውን ይልካሉ። ደኅና ሆኜ ካገኘኝስ?”

“እንግዲያው ይችን ሬሳ ጣልና ሌላ ፈልግ!”

“ከየት ዘኪያ? እነሱ አሮጌ መኪና ላገሬው ሰው የሚሸጡት በአዲሱ ዋጋ እጥፍ ነው። ቤታችንን ብሸጥ መሪዋን እንኳ አልገዛም።”

በማግስቱ ከጎርጎራ የመጣ ታንኳ ቀዛፊ ወሬ አመጣ። ቆላ ድባ ውስጥ አንዲት ትንሽ የጣልያን መኪና ትሸጣለች፤ ዋጋዋም የሚቀመስ ነው አለ። ሱሌማን ያለውን ሁሉ በወገቡ ታጥቆ በዚያው ታንኳ ሐይቁን ተሻገረ። ማክሰኞ ሳይደርስ መመለስ ነበረበት።

መኪናዋ እህል ገበያው ዳር ቆማለች። የሚሸጣት አምሐ የሚባል የጣልያኖች አስተርጓሚ ነው፤ ነጭ ባርኔጣ አድርጎ በአለንጋ ቦት ጫማውን ይመታል። ሱሌማን ሞተሩን አስነሥቶ ጆሮውን ሰጠ። ሞተሩ አያስልም። እግሩን መርገጫው ላይ አሳረፈ፤ ጸጥ ያለ ነው። ዋጋውን ጠየቀ። አምሐ የነገረው ዋጋ ልክ ነበር፤ አልበዛም፣ አላነሰም።

ሱሌማንን ያስፈራውም ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ባንዳ በልክ ዋጋ ሲሸጥ ታይቶ አያውቅም። አንድ ነገር ልቡን ጎተተው፤ ግራ ሲገባው አፉ የለመደውን ተናገረ።

“መልካም ነው ጌታዬ። እንግዲህ ዋስ ይጥሩ።”

በአገሩ በቅሎም ሆነ በሬ ያለ ዋስ አይሸጥም። ከብቱ የስርቆት አለመሆኑን አንድ ሰው በገበያ ፊት ቆሞ ያረጋግጣል፤ ነውር ካለበትም ነውሩን ይናገራል። ሱሌማን ዕድሜውን ሁሉ የሰማው ይህንን ነው። ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ግን ለማን እንደ ተናገረው ትዝ አለው። በዙሪያው እህል የሚሰፍሩት ሰዎች እጃቸውን አቆሙ።

“ምን አልህ?” አለ አምሐ።

“ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ጌታዬ። ይቅር ይበሉኝ።”

“ሌባ ነህ አልኸኝ እኮ!” አምሐ ወደ ገበያው ዞሮ ሣቀ። “ሰምታችኋል? ይህ ዓሣ በል እኔን ዋስ ጥራ አለኝ! በሉ፣ ዋስ የሚሆነኝ ማነው?” ማንም አልመለሰም። ሣቁ ከፊቱ ጠፋ። “ዋስ ከሌለ ሌባ ነኝ ማለት ነው። ለካራቢኔሪ ፖሊሶቹ ምን ብለህ እንደ ሰደብኸኝ አንተው ትነግራቸዋለህ።”

 በዚህ ጊዜ ከሰዎቹ መሐል አንዲት ሴት መቀነቷን እያጠበቀች ወጣች።

“ዋሱ እኔ ነኝ” አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። “ወለተ ሩፋኤል እባላለሁ። መኪናዋ የባሌ የአካሉ ናት። ያሸጥኋት እኔ ነኝ። ይገባኛል የሚል ቢመጣ እኔን ይጠይቀኝ።”

እህል ነጋዴው አካሉ ለአርበኞች ጤፍ ሰጥቷል ተብሎ መታሰሩን፣ መኪናውንም አምሐ ከግቢው ነድቶ መውሰዱን በገበያው የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ሴቲቱ እንደ ዋስ ወግ የሱሌማንን እጅ ያዘች፤ ጠጋ ብላም በጆሮው ተናገረች።

“ወንድሜ፣ ብሩ ሲገባለት ባሌን አስፈታለሁ ብሎኛል። በሞቴ፣ ሳትገዛ እንዳትሄድ።”

ሱሌማን ገዛ። ከርኅራኄ ይሁን ከፍርሃት ኋላም ለዘኪያ ሊነግራት አልቻለም።

በአዘዞ ዞሮ በወረታ አድርጎ ዓባይ ማዶ ኬላ ሲደርስ ካፒቴኑ እጁን አነሣ። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት።

“ይህ መኪና አውቃለሁ። ቆላ ድባ። እስረኛ። ማን ሸጠ?”

አምሐ ቢል፣ አምሐ የእስረኛ ንብረት ለራሱ ሸጠ ተብሎ ይያዛል፤ አካሉም ከእስር አይወጣም። አላውቅም ቢል ሌባ ነው። ሱሌማን የሴቲቱ እጅ መዳፉ ውስጥ ያለ መሰለው።

“ሚስቱ ናት፣ ወለተ ሩፋኤል። ዋስም ሆናለች፤ ገበያው ሁሉ ሰምቷል።”

ካፒቴኑ ስሟን ወረቀት ላይ ጽፎ በእጁ እለፍ አለው።

ማክሰኞ መጣ፤ መኪናዋ አልቆመችም። የሚቀጥለውም ማክሰኞ አለፈ። ሱሌማን ግን እንቅልፍ አጣ። “የሴቲቱን ስም ለባለ ሽጉጥ ሰጠሁት፣ ዘኪያ” እያለ ይነሣል። “ምን አድርገዋት ይሆን?” 

ከብዙ ማክሰኞ በኋላ፣ ከወረታ ሲመለስ፣ ዓባይ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ከሲታ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ዘረጋ። ሱሌማን ማን እንደ ሆነ ሳይነገረው ዐወቀ። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሳለ እግሩ መርገጫው ላይ ተንቀጠቀጠ።

“አካሉ እባላለሁ” አለ ሰውየው፣ መዳፉን ሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፎ።

“ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል... ደኅና ናቸው?”

“ደኅና ናት። መጥተው ጠየቋት፤ እውነት ነው ሸጫለሁ አለች። ተዉአት።”

ሱሌማን “መኪናዬን” የሚለውን ቃል ጠበቀ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አሸተተ።

“ዳገት ስትወጣ ትግላለች፤ ውሃ ካልጨመርህላት ትቆማለች። ያ ውሻ አልነገረህም አይደል?”

“አልነገረኝም።”

“ዋስ የሆነ ነውሩን መናገር ነበረበት። እሷ ደግሞ መኪና አታውቅም። ይህንኑ ልነግርህ ነው የመጣሁት።”

“ከቆላ ድባ ድረስ? ይግቡ እንጂ፣ ላድርስዎት!”

አካሉ የተከፈተለትን በር፣ ከዚያም መቀመጫውን አየ። “በእግሬ ይሻለኛል” ብሎ መንገዱን ያዘ።

ሱሌማን ከዓይኑ እስኪሰወር ተመለከተው። ከዚያ ጣሳ ይዞ ወደ ዓባይ ወረደ። አካሉ የሄደበትን መንገድ ዞር ዞር ብሎ እያየ፣ መኪናዋ ዘንድ እስኪደርስ የቀዳውን ውሃ ግማሹን መንገድ ላይ አፈሰሰው።