ስለቱ ወደ ራስ

ቀርከሃ በመሰንጠቅ አሶሳ ውስጥ የሚያህለኝ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል፤ ለጉራ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ገና ቢላ ሲያይ ይከፈታል። የእኛ የቆላው ግን ሆዱ ድፍን ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከነካው ወይ ቀርከሃው ይበላሻል ወይ ጣት ይሄዳል። የእኔ ጣቶች አሥሩም አሉ። ከዚህ ሌላ የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ በሥራ ዘመኔ አንድም ዕቃ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት ሁልጊዜ ቢላዎቼን እቆጥራለሁ፤ ጎድለው አያውቁም። ይህን ለሚሰማኝ ሁሉ እናገር ነበር፤ ለማይሰማኝም እደግምለት ነበር።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን የነበሩ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። አባቴ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ሲመጣ የሚያውቀው እርሻ ብቻ ነበር። ቤታችንን አጥር እንዲያጥሩለት ሽማግሌውን ለመናቸው፤ እሳቸው ሲሠሩ ለማየት የሄድኩ ልጅ እዚያው ቀረሁ። ሴት ልጅ ቢላ አትይዝም አላሉኝም። ያጠበቁብኝ አንድ ነገር ነው። ቢላ ለሰው ሲሰጥ እጀታው ወደ ተቀባዩ፣ ስለቱ ወደ ሰጪው ይሆናል። መወርወር የለም፣ መሬት ላይ ጥሎ ዞር ማለትም የለም። "የሚቀበል ሰው አይፍራ። ፍርሃት ካለ አንተ ፍራ" ይሉኝ ነበር። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔም ሳድግ "አንተ" መባሉን ለምጄው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማረሚያ ቤት፣ የቱ እንደሆነ ልተወው፣ ለታራሚዎች የቀርከሃ ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን እንዳስተምር ጠየቀኝ። "ከእርስዎ የተሻለ አላገኘንም" አሉኝ። እንዲህ ያለኝን ሰው እምቢ ማለት አልችልበትም።

በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ተማሪዎች ቆርቆሮ በለበሰ ዳስ ሥር ተደርድረው ጠበቁኝ። አጠገቤ የቆመው ፖሊስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ከዘጠኙ ስድስቱ ነፍስ ያጠፉ ናቸው" አለኝ።

"አሁን ነው የሚነገረኝ?"

"ቀድመን ብንነግርዎ ይመጡ ነበር?"

ፈራሁ። ስድስቱን ለመለየት ፊት ፊታቸውን ማየት ጀመርኩ። ገጽታው የከፋውንና ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበትን አንዱን ገዳይ ይሄ ነው አልኩ፤ በኋላ የሞተር ሳይክል ሌባ ሆኖ ተገኘ። ጥግ ላይ ቆሞ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ እጁን ያጣመረው የባምባሲ ገበሬ ግን በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ጎረቤቱን የገደለ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት አነባለሁ የሚል ሰው ያስቀኛል።

እነዚህን ሰዎች ያለ ቢላ ቀርከሃ ላስተምራቸው አልችልም። ቢስሚላህ ብዬ አንደኛውን ቢላ አነሳሁ፤ እጀታውን ወደ ገበሬው፣ ስለቱን ወደ ሆዴ አዞርኩ። ፖሊሱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ገበሬው እጁን ዘርግቶ መለሰው፣ እንደገና ዘረጋው። በመጨረሻ ተቀበለኝ። ዘጠኙንም በዚሁ ዓይነት አዳረስኩ። ሲጨርሱም በዚያው ልማድ እንዲመልሱልኝ አደረግኩ፤ ስለቱን ወደ ራሳቸው አዙረው።

ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በሰሌዳው ላይ የእያንዳንዱ ቢላ ቅርጽ ከነቁጥሩ በቀለም ተስሏል፤ ማታ አንዱ ቅርጽ ባዶ ከሆነ ማንም ወደ ማደሪያው አይገባም። የሰሌዳው ጠባቂ ከስድስቱ አንዱ፣ ከመንጌ በኩል የመጣ የበርታ ሰው ነበር፤ አማርኛው እንደ አስተማሪዬ ሽማግሌ ወንድና ሴት አይለይም። ቢላ ያለሱ እጅ ከሰሌዳው አይወርድም፣ ያለሱ እጅም አይሰቀልም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህም በጣም እወደው ነበር።

ምን እንዳደረገ አልጠየቅኩትም፤ ማንንም አልጠየቅኩም። እሱ ግን አንድ ቀን ቀርከሃ እየላገ ራሱ ነገረኝ። ከጓደኛው ጋር በአንድ ጉድጓድ ወርቅ ይቆፍሩ ነበር። ተጣሉ፤ በዶማ መታው፤ ጓደኛው እዚያው ሞተ። እሱ ጫካ ገባ። በሱ ፈንታ ታናሽ ወንድሙን ያዙት።

"ሃያ ቀን" አለኝ። "ወንድሜ ታስሮ እኔ ጫካ ውስጥ ሃያ ቀን ነበርኩ። በየቀኑ ልብ ነገ እሄዳለሁ ይላል። ነገ ሲመጣ እግር እምቢ ይላል። በኋላ ሄድኩ፣ እኔ ነኝ አልኩ።"

የሚላገው ወንበር ነበር፤ ከፍ ያለ ጀርባና ሰፊ ክንድ ያለው። ለማን እንደሆነም ነገረኝ። የሱ እናት እሱ እስር ቤት እያለ ሞተዋል። ወንበሩ ለሟች ጓደኛው እናት ነው። አሮጊቷ ጉልበታቸው ስለተያዘ መሬት መቀመጥ አይችሉም፤ የዕርቅ ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ተመላልሰውባቸው፣ ሲፈታ ደጃቸው ድረስ እንዲመጣ በመጨረሻ ፈቅደውለታል። በአመክሮ የመፈታቱ ጉዳይ በቅርቡ በኮሚቴ ይታያል። ከተፈቀደለት ይወጣል፤ ካልተፈቀደለት ገና ሁለት ዓመት አለው። አሮጊቷ ሁለት ዓመት እንደማይቆዩ እሱም ያውቃል፣ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። "ካልደረስኩ ወንበሩ ለማን?" አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ አንድ ቀን ሲቀረው የሆነው እንዲህ ነው። ክረምቱ እየገባ ነበር። የወንበሩ ጀርባ አንዱ ማዕዘን አልገጥም ብሎ ሲያለፋው አየሁና ትዕግሥቴ አለቀ፤ ዞር ሲል ራሴ ሄጄ ሰባት ቁጥር ቢላን ከሰሌዳው ነጥቄ ማዕዘኑን አስተካከልኩለት። ለእሱ አልነገርኩትም። አስተማሪ ነኝ፤ ማን ያስፈቅደኛል? ወዲያው ዝናቡ ከነፋሱ ጋር ዳሱ ውስጥ ገባ። ሁሉም ቀርከሃውን ሊሰበስብ ተሯሯጠ። እኔም ሽርጤን ከነያዘው ጠቅልዬ በብብቴ ሸጎጥኩና ቆጠራውን ሳልጠብቅ ወጣሁ። በሩ ላይ የምትፈትሸኝ ፖሊስ፣ "እትዬ፣ ዝናቡ ሳይዝዎት ይሩጡ" ብላ ሳትፈትሸኝ እጇን አወናጨፈችልኝ። ሮጥኩ።

ሱቄ ደርሼ ገና ፀጉሬን ሳላደርቅ ስልኬ ጮኸ፤ የዳሱ ፖሊስ ነበር። "እትዬ፣ ሰባት ቁጥር የለም።"

ደሜ ፈላ። "እኔ ዕቃ ጠፍቶብኝ አያውቅም! ፍርፋሪው ውስጥ ፈልጉ። እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? ሰሌዳ ጠባቂውን ጠይቁት!" ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

የተናገርኩት ይህንኑ ነው፤ አላሳመርኩትም። ከዚያ ሽርጤን ላሰጣ ስዘረጋው ሰባት ቁጥር ሲሚንቶው ላይ ወደቀች።

አነሳኋት። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ወንዝ ውስጥ መጣል ነበር። ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ ይዣት ተመልሼ፣ ፍርፋሪው ውስጥ ሸጉጬ፣ "ይኸው! እናንተ ዓይን የላችሁም?" ማለት። ይህኛው በጣም ጣፈጠኝ። እሱም ነፃ ይወጣል፣ እኔም ዕቃ የማይጠፋብኝ ሴት ሆኜ እቀራለሁ። መልሼ ሽርጤ ውስጥ ጠቅልያት ባጃጅ ውስጥ የገባሁት ይህንኑ ልፈጽም ነው፤ መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር።

በሩ ላይ ያቺ ፖሊስ አሁንም ሳትፈትሸኝ አሳለፈችኝ። ግቢው ውስጥ ስገባ ስምንቱ ዝናቡ ውስጥ ተደርድረው ቁጢጥ ብለዋል። ሰሌዳ ጠባቂው ለብቻው ቆሟል፤ ውኃው ከአገጩ ይንጠባጠባል። ኮማንደሩ፣ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ፣ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አስወጥቶ ይጽፋል።

"አስተማሪ፣ እንኳን መጡ" አለኝ። "ይሄ ሰው ቆጠርኩ፣ ጎደለ፣ የት እንዳለ አላውቅም ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ነገ ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቀርባል፤ ቢላ እንዳጠፋ ጽፌ አያይዛለሁ።"

ሰውየውን አየሁት። ቢላዋን ማን እንዳነሳት እሱ ሳይገምት አይቀርም፤ እኔ ማዕዘኑን ሳስተካክል ሲመለስ አይቶኛል። በእኔ ላይ አንዲት ቃል አልተናገረም። ያን ጊዜ የተለማመድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ሽርጤን ፈታሁ፤ እጀታዋን ወደ ኮማንደሩ፣ ስለቷን ወደ ራሴ አዙሬ ዘረጋሁለት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እኔ ነኝ ይዣት የወጣሁት። ከሰሌዳው ያወረድኳትም እኔ ነኝ፤ እሱ አያውቅም። የጻፉትን ይቅደዱት።"

ኮማንደሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይግቡ፣ ቢሮ ውስጥ እንነጋገር" አለኝ። ሊሸፍንልኝ ፈልጎ ነው፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን ወደ ተማሪዎቼ ዞርኩና ከዝናቡ በላይ እየጮህኩ ደገምኩት። ከመሃል የሞተር ሌባው ሳቀ። እፍረቱ እስከ ጆሮዬ አቃጠለኝ። ኮማንደሩ ወረቀቱን ቀደደ፤ አዲስ አውጥቶ የእኔን ቃል ጻፈ፤ ፈረምኩበት። እስኪጣራ ድረስም ከሥራ እንደታገድኩ ነገረኝ።

ቢላዋን ለሰሌዳ ጠባቂው ሰጡትና አብሬው ወደ ዳሱ ሄድኩ። ቦታዋ ላይ ሰቀላት።

"አስተማሪ" አለኝ፣ "እኔ ሃያ ቀን። አንተ ሁለት ሰዓት። ወላሂ፣ አንተ ጎበዝ ነው።"

"ጎበዝ አይደለሁም። ፍርፋሪው ውስጥ ደብቄ አገኘኋት ልል ነበር የመጣሁት።"

"እኔም ያን ጊዜ ሱዳን ልሄድ ነበር" አለ።

በሕይወቴ ብዙ ሰው አሞግሶኛል። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ሥራዬን አይተው አጨብጭበዋል፤ ከቢሮ የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት ሱቄ ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል። የዚያን ሰው "ጎበዝ ነው" ግን ከሁሉም አስበልጣለሁ። ስለምን እንደሚያወራ የሚያውቅ ሰው ነው የተናገረው። ዝናብ እየደበደበው በሚጮኸው ቆርቆሮ ሥር አለቀስኩ፤ እሱም አላየሁም ለማለት ቢላዎቹን እንደገና ቆጠረ።

አመክሮው ተፈቀደለት። በሚፈታበት ቀን መናኸሪያው ድረስ ሄድኩና ወንበሩን የመንጌው መኪና ጣሪያ ላይ በራሴ እጅ አስሬ ሰቀልኩለት፤ ረዳቱ ማሰር አይችልበትም። ከዚያ ከቦርሳዬ አንድ ቢላ አወጣሁ። ልጅ ሆኜ የተማርኩባት፣ እጀታዋ ከእጄ ጋር አብሮ ያረጀ ቢላ ነበረች። በዚያ ሁሉ ተሳፋሪ መሃል እጀታዋን ወደሱ፣ ስለቷን ወደ ራሴ አድርጌ ዘረጋሁለት። የሚያየን ሰው ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ግድም አልሰጠኝም።

አልተቀበለኝም። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። "ሰሌዳ የለም" አለ። "ይሄን ማን ይቆጥራል?"

"አንተ ነሃ።"

ከዚያ ተቀበለኝ፤ በጨርቅ ጠቀለላት፤ ሻንጣው ታች ልብሱ ሥር አስገባት። "ደጃቸው ስትደርስ ወንበሩን በሁለት እጅህ ትይዛለህ" አልኩት። "ቢላዋ ሻንጣ ውስጥ ትቆይ።" እሺ አለኝና ተሳፈረ።

ያን ዕለት ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት ቢላዎቼን ቆጠርኩ። አንድ ጎደለ። ሁለተኛ አልቆጠርኩም።

እኔንም ከሁለት ወር በኋላ ማረሚያ ቤቱ መልሶ ጠራኝ፤ የተሻለ አላገኙማ! አሁን በሩ ላይ ያቺ ፖሊስ ሻሼን ሳይቀር ታስፈታኛለች፤ እንድታስፈታኝ የጠየቅኳት ራሴ ነኝ። አንድ ቀን እዚያው በር ላይ ስፈተሽ ስልኬ ጮኸ፤ ከመንጌ ነበር።

"አሮጊቷስ?" አልኩት ሰላምታውን ሳልጨርስ።

"ሦስት ቀን ደጅ ላይ ቆምኩ። ሦስተኛው ቀን ወጣ። አየኝ፣ አለቀሰ። ከዚያ ተቀመጠ።" ደገመልኝ። "አስተማሪ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።"

የመጣልኝን ጠየቅኩት። "ቢላዋስ?"

"አለ" አለኝ። "ዛሬም ቆጥሬዋለሁ።"