የሥጋ ልጅ ትክፈል

እናቴ የመነኮሰች ዕለት እንደ ሥርዓቱ ፍትሐት ተደረገላት። በቁሟ! መሬት ላይ ተጋድማ፣ ሸፍነዋት፣ ቄሶቹ እንደ ሬሳ ጸሎት አደረሱላት፤ "ከእንግዲህ ለዓለም ሞታለች" ተባለ። እኔ አንድ ልጇ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ "እማዬ" ማለት ቀረና እንደማንም አላፊ አግዳሚ "እማሆይ" በይ ተባልኩ።

የቅዳሴው ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔሙ አጠገብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ፣ አሮጊት መነኮሳት በሚኖሩበት አንዲት ጎጆ ሰጧት። እርስ በርስ እየተደጋገፉ፣ ገበሬው የሚያመጣላቸውን ገብስና ባቄላ እየተካፈሉ ይኖራሉ። ኑሮውስ ክፉ አልነበረም። ግን አንዲት ወጣት መነኩሲት ልታገለግላት አብራት ገባች፤ እናቴም "የመንፈስ ልጄ" አለቻት። "ልጄ፣ ውሃ አቀብይኝ። ልጄ፣ እስቲ ደግፊኝ።" ቅናት እንደ ቃር አንገበገበኝ። ቆሎ ቆልቼ ስሄድ እንኳ መጀመሪያ የምታዘግነው እሷን ነው። እኔ አምጥቼ!

የገበሬ ማኅበሩ ሁሉን በሚያዝበት በደርግ ዘመን እናቴን ሆዷን አመማትና ጠናባት፤ "ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትድንም" አሉ። ሆስፒታል የካርዱን ለብቻ፣ የአልጋውን ለብቻ፣ የመድኃኒቱን ለብቻ እያስከፈለ ጎተራ ያራቁታል ሲባል እሰማ ነበር። ልትወልድ የደረሰች አንዲት ጊደሬን ንፋስ መውጫ ገበያ ሸጥኩና ብሩን መቀነቴ ላይ ቋጥሬ በጭነት መኪና አብሬያት ሄድኩ። ያች መነኩሲትም ተከትላ መጣች፤ መቼ ትቀራለች!

ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። ልትወጣ ስትል ካኪ የለበሰ ሂሳብ ሹም አልጋዋ ድረስ መጣ። እናቴ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከትራሷ ሥር አወጣች። የገበሬ ማኅበሩ "ጧሪ ልጅ የላትም፣ በነጻ ትታከም" ብሎ የጻፈላት ነው። እኔ ስለ ወረቀቱ ገና ያኔ መስማቴ ነው።

"እውነት ልጅ የለዎትም፣ እማሆይ?"

"የለኝም። ለዓለም የሞትኩ ነኝ፤ ፍትሐት ተደርጎልኛል።"

"ልጄ ሲሏት የሰማኋትስ?"

"ይቺማ የመንፈስ ልጄ ናት። እንደኔው ደሃ ናት።"

ወደ እኔ ዞረ። "እሷስ?"

እናቴ ዓይኗን ሳታሽ፣ "ያገሬ ሰው ናት፤ ስንቅ ይዛልኝ መጥታ ነው" አለች።

ምነው ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ያች ከየት እንደመጣች የማትታወቀው ልጅ ተብላ፣ እኔ ስንቅ ተሸካሚ!

ሹሙ ነገሩን አስረዳ። የሥጋ ልጅ ካለች ወረቀቱ አይሠራም፤ የአልጋውንም፣ የኦፕራሲዮኑንም፣ የመድኃኒቱንም ልጅየዋ ትከፍላለች። ከሌለች ግን ቤሳ አይጠየቅም። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ዝም በይ ማለቷ ነው፤ ገብቶኛል። ደሜ ግን ፈልቷል።

"ልጇ ነኝ!" አልኩ ክፍሉ እስኪናወጥ። "ያማጠችኝ እኔን ነው! ስንት ነው? ይቀበሉኝ!"

መቀነቴን ፈትቼ አልጋው ላይ አራገፍኩት። ሹሙ ብሩን ወስዶ ደረሰኝ ቆረጠልኝ።

እሱ እንደወጣ እናቴ በቁጣ ቀና ልትል ስትል ስፌቱ ያዛትና መልሳ ተጋደመች።

"አንቺ ቂል! ጊደሯን ሸጠሽ ነው? ልጆችሽ ምን ሊጠጡ ነው?"

"ታዲያ እንዴት በሰው ፊት ይክዱኛል?"

"ባልወድሽማ ልጄ ናት ብዬ አስከፍልሽ ነበር! ለዓለም ሞትኩ እንጂ ላንቺ መቼ ሞትኩ?" አለችና እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ።

እኔም አለቀስኩ። ቀና ስል የመንፈስ ልጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እሷን "ልጄ" ማለት ምንም እንደማያስከፍል ያኔ የገባት ይመስለኛል። ሰው በእኔ ሲቀና ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።