ስብ ያስመጠጠችው ሴት

በክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የሆዷን ስብ በቀዶ ጥገና ካስመጠጠች ሁለት ሳምንቷ ነው። በሰፊው ቀሚሷ ስር ሐኪሙ ያዘዘላትን ጥብቅ ልብስ ለብሳለች፤ ጠለቅ አድርጋ በተነፈሰች ቁጥር ወገቧን ትይዛለች።

«ለልጄ ዘመድ ጥየቃ ሄድኩ ብያታለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሆዴ ግን ይኸው ከበፊቱ ብሶ ተነፋ። ምን ነክቶኝ ነው?»

ተራዋ ደርሶ ገባች። ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር።

«እብጠት ነው አለኝ! የሚጠበቅ ነው፤ በጥቂት ወራት ይጎድላል። የሆዴ ቆዳ መደንዘዙም ቀስ እያለ ይለቀኛል።»

እዚያው ቆማ ልጇ ጋ ደወለች። «የኔ እናት፣ እንዳትቆጪኝ» ብላ ሁሉንም ነገረቻት።

«እማዬ! እኔ እኮ እንዲህ ስትጠፊ ባል ያገባሽ መስሎኝ ነበር!» ስትል ለእኔም ተሰማኝ።

ሴትየዋ ሆዷን ደግፋ «ተይ አታስቂኝ፣ ያመኛል!» እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።