አያቴ ለወታደር የሚነሡት ለምን ነበር?

በደርግ ዘመን፣ ሐዋሳ ቱላ ከቤታችን ደጃፍ ተቀምጠው፣ አያቴ ወታደር ባለፈ ቁጥር ይነሡና «ደህና ዋልክ ልጄ?» ይሉ ነበር። ወታደሮች ከሲዳማ ደጋ ገበሬዎች ጋር ሲዋጉ፣ ከገበሬዎቹ ጎን የተሰለፉትን ታላቅ ወንድማቸውን ገድለውባቸው ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ፣ «ወንድምዎን ለገደሉት እንዴት ይነሣሉ?» አልኳቸው።

«እሱ በሞተበት ቀን እኔም ተኩሻለሁ» አሉኝ። «የመታሁት ወታደር ሲወድቅ እናቱን የጠራው በእኛው ቋንቋ፣ በሲዳምኛ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ቀርቤ ለማየት አልደፈርኩም።»

ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆነ። ወንበራቸው ባዶ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ የሚመጡት ስለ ደግነታቸው ሲያወሩ፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። እወዳቸዋለሁ፤ ግን ሳለቅስላቸው ያ የወደቀው ወታደር ልጅ ይመጣብኛል። ለእናቱ ማን ነግሯት ይሆን? ወይስ እስከ ዛሬ እየጠበቀችው ነው?