እትዬ ጠብታና የእኔ ባልዲ

ስለ ጤና ጣቢያችን አትክልተኛ ስለ እትዬ ጠብታ ጻፊ ያለችኝ ነርሷ ናት። እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በትልቅነቴ ስለሆነ እጄ ገና አልፈታም። እምቢ ልል ነበር። ግን የእሬቶቹን ነገር ከሥሩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ዘበኛው ነው። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ቀን የግቢው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አዩና የቲማቲም ጣሳ ደቀኑበት። ጣሳው እስኪሞላ አጠገቡ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከዚያ ተሸክመው ሄደው በሩ አጠገብ ካለችው ወይራ ሥር አፈሰሱት። ዘበኛው፣ «እትዬ፣ ጠብታዎቹን በስም ነው እንዴ የሚያውቋቸው?» አላቸው። እሳቸውም ፊታቸውን ሳያፈቱ፣ የመጨረሻዋ ታናሽየዋ ናት አሉት። በዚያው ጠብታ ሆነው ቀሩ። ስሙን ሳይወዱት አልቀሩም፣ ሲጠሯቸው አቤት ይላሉ።

የመጀመሪያውን ክረምት አንድ ነገር እንኳ አልተከሉም። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ጣራ ሥር ይሮጣል፤ እሳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ግቢው ይወጣሉ። ጎርፉ በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛ፣ የቱን አፈር ልጦ እንደሚወስድ እያዩ በየሄደበት ጭራሮ ይሰካሉ። ግቢው ጭራሮ በጭራሮ ሆነ። ሊታከሙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጭራሮው የመቃብር ምልክት መስሏቸው ቆጥረውት፣ እዚህ ቤት ገብቶ የዳነ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ዘበኛው ደግሞ፣ እኔ በር እጠብቃለሁ፣ እትዬ ውሃ ይጠብቃሉ፣ እስካሁን ሌባ የያዙት ግን እሳቸው ናቸው እያለ ያስቀን ነበር። እውነቱን ነው። አፈራችንን በየዓመቱ የሚሰርቀው ጎርፍ መንገዱ ታወቀበት።

ዝናቡ ሲያባራ ጭራሮው ባለበት ሁሉ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ቆፈሩ። በታችኛው ጠርዙ ድንጋይ ደረደሩበት። ውሃ ሲሮጥ ለማንም አይሆንም፣ ቁጭ ሲል ነው አፈር የሚጠጣው ይላሉ። በበጋው ኮረብታው ላይ እየወጡ ዘር ለቀሙ፤ በአሮጌ የመድኃኒት ቆርቆሮ አበቀሉት። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ተከሉ። ድንጋያማው የግቢው ጥግ ላይ እሬት፣ በአጥሩ ዳር ክትክታና ቀጋ፣ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ጦስኝ። ከእኔ ማጠቢያ ቤት ጀርባም ዘጠኝ እሬት ተከሉ። ለምን የሚያምር የመደብር አበባ አላመጡም ስላቸው፣ ይሄንን ያሳደገው የራሱ ሰማይ ነው፣ እኛ ሞግዚት አንሆንበትም አሉኝ።

ሞግዚት አንሆንም ይበሉ እንጂ ከተከሉ በኋላ ያለውን የመጀመሪያውን በጋ ሆነዋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ሥር ድረስ ያጠጣሉ። ከማጠጣታቸው በፊት ጣታቸውን አፈር ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይከታሉ። ከውስጥ እርጥብ ከሆነ አልፈው ይሄዳሉ። በሁለተኛው በጋ ግን ጭራሽ ተዉት። ጡት ማስጣል ነው አሉ።

እኔ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ከማጠቢያ ቤት ጀርባ ያሉት እሬቶች ቅጠላቸው ቀጠነ፣ ቀላ፣ ወደ ውስጥ ተኮማተረ። አንሶላ ሳሰጣ ፊት ለፊቴ ናቸው። አንጀቴን በሉት። በእጄ ደግሞ ማለቅለቂያው ውሃ ሞልቶ ተርፏል። እትዬን ልጠይቅ ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሳልናገር ተመለስኩ። እኔ ሰው ፊት ቃል ማውጣት ሞቴ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ባልዲ ማከፋፈል ጀመርኩ።

መቼም መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። ለመለሙ፣ ወፈሩ። ጠዋት ስገባ በልቤ ሰላም እላቸው ነበር። ከወር በኋላ ግን ሥራቸው አካባቢ ጠቆሩ። አንዱን ነካ ባደርገው ተንጋለለ። ይባስ ብዬ የጠማቸው መስሎኝ ሁለት ባልዲ አደረግኩት።

እትዬ ጣታቸውን ሲከቱ አፈሩ ጭቃ ነው። በበጋ። ከመሬት ሥር ቧንቧ ፈንድቷል ብለው አካፋ ይዘው ሁለት ቀን ሙሉ ቆፈሩ። ዘበኛው፣ «እትዬ፣ ነዳጅ ካገኙ እኔንም አይርሱኝ» ይላቸዋል። እኔ በመስኮት አያለሁ። ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አያለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ምላሴ ግን አልፈታ አለ።

በዚያው ሳምንት አዲሱ ኃላፊያችን መጡ። ወጣት ዶክተር ናቸው፤ ሰው ያከብራሉ፣ ግን ችኩል ናቸው። በፊት የሠሩበት ቦታ ምንጣፍ የመሰለ ሣር ነበረ አሉ። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ግቢውን ሲዞሩ ማጠቢያ ቤት ጀርባ ደረሱ። ከዘጠኙ ሰባቱ ተጋድመዋል።

«እትዬ፣ ይቅርታዎን፣ እነዚህ እኮ በውሃ ጥም ሞተዋል» አሉ። ይሄ ሁሉ በዚህ ሳምንት ተነቅሎ ሣር ይተከል፣ እርስዎም ጠዋትና ማታ ያጠጣሉ አሉ።

ኮረብታው ላይ የወጡበት፣ በዝናብ የቆሙበት ሦስት ዓመት በአንድ ሳምንት ሊነቀል ነው፣ ለሁሉም መልስ የማያጡት እትዬ የሞቱትን እሬቶች ብቻ ያያሉ። ምክንያቱን አላወቁትማ። የማያውቁትን ደግሞ አይናገሩም።

እንጃ እንዴት እንደወጣኝ። ባልዲው በእጄ ነበር፣ ከፍ አደረግኩት።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ዶክተሩ በምን ብለው ጠየቁኝ።

«በውሃ። በየቀኑ አጠጣቸው ነበር። አሳዝነውኝ ነው። በኋላማ ሁለት ባልዲ።»

እትዬ መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ የቆፈሩትን ጉድጓድ አዩ። ቀጥሎ የሆነውን አልጠበቅኩም፤ ሳቁ። ወገባቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ቧንቧዬን አገኘሁት!» አሉ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው አንዱን የወደቀ እሬት አንስተው ለዶክተሩ ሰጧቸው። ሥሩ በስብሶ እጃቸው ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ ዶክተሩን ይዘው ወደ ድንጋያማው ወጡ፤ እኛም ተከተልን። እዚያ ያሉት ከሰው እጅ ጠብታ ካገኙ ወራት አልፈዋል። ከስተዋል፣ ቀልተዋል። ዶክተሩ አንዱን በእጃቸው ሞከሩት፣ እንደ ምሰሶ ነው። ከመሐሉ ደግሞ የአውራ ጣት የምታህል እንቡጥ ብቅ ብላለች። እትዬ ጣታቸውን አፈር ውስጥ እንዲከቱ አደረጓቸው። ዶክተሩ ነጭ ጋውናቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተቱ።

«እዚህ ደረቅ ነው፣ እዚህ ነው የዳነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ አይተው፣ «የሞቱት መድኃኒት በዝቶባቸው ነዋ» አሉና እሳቸውም ሳቁ።

ነቀላው ቀረ። ዶክተሩ መጀመሪያ እስከ ክረምት እንይ ብለው ነበር። ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንቡጦቹ ሁሉ ባንዴ ፈነዱ። ድንጋያማው እሳት የተለኮሰበት መሰለ፤ ወፎቹ ከየት እንደመጡ አላውቅም። ተራ የሚጠብቁ ሕመምተኞች አግዳሚ ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው አወጡ። ነርሷ ስም ስትጠራ ከአበባው ዘንድ ተነስቶ የሚመጣ ጠፋ። ስለ ሣር ዶክተሩ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሱም።

እኔ እትዬ ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት አካፋ አስያዙኝ። «ደግነትሽ አይደለም የከፋው፣ ቦታው ነው» አሉኝ። ከማጠቢያ ቤቱ በር እስከ ታችኛው ረባዳ ድረስ አብረን ቦይ ቆፈርን። ከዳሩ ዋንዛ ተከልን። ያቺ ውሃ ትወዳለች። ሳሙና የሌለው የመጨረሻው ማለቅለቂያ አሁን በዚያ ይሄዳል። ዘበኛውም አላለፈኝም፣ ወይዘሮ ባልዲ ብሎ ስም አወጣልኝ።

ከወደቁት እሬቶች የአንዱን የበሰበሰ ክፍል እትዬ በቢላ ቆርጠው ጣሉ። የተረፈውን ጥላ ውስጥ ሳምንት አደረቁና መልሰው ተከሉት። ይኸው ዘንድሮ አብቧል። አንሶላ ሳሰጣ ፊት ለፊቴ ነው። በጋው ገብቶ ቅጠሉ መቅላት ጀምሯል። ባልዲዬን ይዤ ሳልፍ ጎንበስ እልና ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ። ደረቅ ነው። ደህና ዋል ብዬው ወደ ዋንዛዬ እወርዳለሁ።