ለኩሬው የተለመነ እርሾ

እሑድ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውን ነጠላ እዩልኝ። በረዶ ነው። ሰው ጥለቱን ያደንቃል፣ ሸማኔውን ያመሰግናል፤ ያነጣችውን ሴት ግን የሚጠይቅ የለም። ይህ ነገር ድሮም ያበግነኛል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት ልብስ አጣቢ እጽፋለሁ። ያልጣመው ገጹን ይለፈው።

ሥራነሽ ትባላለች፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። የሉማሜ ገጠር ልጅ ናት። ባሏ ሲሞት ከተማ ገባች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ሆቴል አንሶላ ስታጥብ ኖረች። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ በነጻ ማስታወቂያ አልሠራም። ሥራነሽ ርስት የላት፣ ጥሪት የላት፤ ያላት አንድ ነገር "እጀ ንጹሕ" መባል ነበር። ጥምቀት ሲደርስ የካህናት ሚስቶች የባሎቻቸውን ልብስ ለእሷ ይልካሉ። ሌላ ሰው ያጠበው አይነጣላቸውም።

የሆቴሉ ባለቤት አቶ መሳፍንት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ በአንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ባለቀለም ዓሣ አየና ልቡ ተሰረቀ። ኮይ ይሏቸዋል። ቀይና ነጭ፣ ወርቅማ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው። ሲመለስ ግቢው ውስጥ ኩሬ አስቆፈረ። እኔ ፓምፕና ሞተር ጠጋኝ ነኝ፤ ያስተማረኝም የተበላሸ ሞተር ነው፤ ቱቦውን ዘረጋሁለት። በኅዳር ወር ዓሦቹ በላስቲክ ከረጢት መጡ፣ አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ውስጡ ስፖንጅ ያለበት የማጣሪያ ሣጥንም አብሮ መጣ። ሻጩ "ስፖንጁን በየሳምንቱ ማጠብ ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም" ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ማጠብ ከተባለ ማን ይታዘዛል? ሥራነሽ።

መጀመሪያ ሰሞን ደንበኛው ሁሉ ኩሬው ዳር ቆሞ "ጥብሱ ስንት ነው?" ይላል። አስተናጋጆቹ "ለዓይን ነው" ማለት ሰለቻቸው። ሥራነሽ ግን በየቅዳሜው ስፖንጁን እያወጣች በሳሙና እንደ ካህን ቀሚስ ታነጣዋለች። ጥር ላይ፣ የጥምቀት ልብስ በሚታጠብበት ሰሞን፣ ስፖንጁ ጠቁሮና አሙለጭልጮ አስቸገራት። ለካህናቱ ልብስ የወቀጠችው እንዶድ አጠገቧ ሳፋ ውስጥ ነበር። ነከረችው፣ አሸችው፣ ጥጥ አስመሰለችው፣ መልሳ ገጠመችው። ኩሬው አረፋ ደፈቀ። ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አራት ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ተንሳፈፈ።

ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ብርብራ ዓሣ እንደሚያሰክር ያውቃል። እንዶድም የዚያው ወንድም እንደሆነ ግን ለአጣቢ ማን ነገራት? ያኔ አንዳችንም ይህን አልጠየቅንም። ቆመን ስናፋጥጥ እሷ በቀሚሷ ኩሬው ውስጥ ገብታ አምስቱን በነፍስ ያዘች፤ የጉድጓድ ውኃ ያለበት የአንሶላ ሳፋ ውስጥ ጨመረቻቸው።

ሥራ አስኪያጇ ሂዊ በዲፕሎማ የተመረቀች፣ ጫማዋ አቧራ የማያውቅ ልጅ ናት። በአክብሮት አባረረቻት። "እትዬ ሥራነሽ፣ ዕቃዎን ይሰብስቡ።"

"እሰበስባለሁ ልጄ። አምስቱ ግን አልሞቱም። በእጄ የታመመውን በእጄ ሳላድን ብሄድ፣ ከእንግዲህ ይህን እጅ ማን ልብስ ያስነካዋል?"

መሳፍንት ጢሙን እያሻሸ አያት። "እስከ ሆሳዕና" አላት። "ከዳኑ ትቆያለሽ። ካልዳኑ ኩሬውን በአፈር እሞላዋለሁ፤ አንቺም አገርሽ ትገቢያለሽ።"

እኛ ደግሞ ጥፋቱ ተገኘ ብለን ደስ አለን። እንዶዱ ነው! ኩሬውን አስደፍቼ በብሩሽ አስፈገፈግሁት፤ በረኪና በረኪና የሚለውን የቧንቧ ውኃ ሞላሁበት። ስፖንጁ በንጹሕ ውኃ ብቻ ታጠበ። አምስቱ ተመለሱ። ውኃው እንባ ነበር፤ ታች የወደቀ መርፌ ያሳያል። ዓሦቹ ግን በሁለተኛው ሳምንት ክንፋቸውን አጥፈው ወለሉ ላይ ተኙ፤ ወጥተው አየር ይጎርሳሉ፣ ተመልሰው ይተኛሉ።

ሻጩ ተጠርቶ መጣ። ከኩሬው በትንሽ ብልቃጥ ቀድቶ የሆነ ጠብታ ጨመረበት፤ ውኃው ወዲያው ጎመን መሰለ።

"አያችሁ? ዓሣው ራሱ የሚያወጣው መርዝ ነው፤ በዓይን አይታይም" አለ። "ትልቁ ማሽን ነው የሚያስፈልጋችሁ። በግፊት የሚሠራ፣ መብራት ያለው።"

"ምን መብራት ያስፈልገዋል!" አልኩ እኔ። "መኪና ማጠቢያው ጋ የሠራሁት ዓይነት የአሸዋ ማጣሪያ ይበቃዋል!"

ኩሬው ዳር ቆመን ተጯጯህን። ሥራነሽ አንሶላ ተሸክማ ስታልፍ ቆም አለች። "ውኃው እንደሆነ ጠርቷል። የእናንተ ማሽን ከዚህ በላይ ምኑን ነው የሚያጠራው?"

የተሸነፈ ወንድ የሚያደርገውን አደረግን፤ ጩኸታችንን ጨመርን።

ነገሩ የተፈታው ወጥ ቤት ነው። ሂዊ የንጽሕና ዘመቻ አውጃ ነበርና የእንጀራ ጋጋሪዋን የየብርጓልን ቡሃቃ በበረኪና አስፈግፍጋ አሳጥባዋለች። ሊጡ ሁለት ቀን ሙሉ አልቦካ አለ። የየብርጓል ጩኸት ግቢውን አናጋው። "እርሾዬን ጨረሰችው! ቡሃቃ እንደ ብርጭቆ ይታጠባል? የማን ልጅ ናት ባካችሁ!"

ሥራነሽ እጇ ሳሙና እንደለበሰ እየሮጠች እኔ ጋ መጣች።

"ስፖንጁ ቡሃቃ ነው!"

"ምን ሆነሻል እትዬ?"

"ያ የሚያሙለጨልጨው ልጋግ ቆሻሻ አይደለም። እርሾ ነው። መርዙን የሚበላላቸው እሱ ነው። እንዶዱ አንድ ቀን ገደለ፤ እኔ ግን በየቅዳሜው ስገድል ነው የኖርኩት።"

ሳቅሁባት። አዎ፣ እዚህ ላይ አልዋሽም፤ ሳቅሁባት። ማታ ስልኬን ከፍቼ ስለ ዓሣ ኩሬ የተጻፈ አነበብሁ። እውነቷን ነው። በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ልጋጉ ውስጥ ይኖራሉ፤ የዓሣውን መርዝ ይበላሉ፤ በሳሙናና በበረኪና ያልቃሉ። ይህን ሁሉ ነገር ሻጩ አልነገረንም፣ እኔ አልጠየቅሁም፤ አጣቢዋ ከቡሃቃ አነበበችው። ጠዋት ሄጄ ነገርኳት። "ግን እንደ እኛ አገር ብርድ ከሆነ በራሱ እስኪፈጠር ሁለት ወር ይፈጃል። ዓሦቹ ሁለት ወር የላቸውም።"

"እርሾዋ የጠፋባት ሴት ምን ታደርጋለች? ጎረቤት ሄዳ ትለምናለች።"

"የዓሣ ጎረቤት የት ይገኛል?"

"እኛ አገር።"

መሳፍንት "እብደቷን ተከታተልልኝ" ብሎ ከእሷ ጋር ላከኝ። ሉማሜ ወርደን በእግር ገባን። የተወለደችበት ምንጭ ከቋጥኝ ሥር ይወጣል፤ ከብት የሚጠጣበትን ገንዳ አልፎ በድንጋይ መሐል እየተሽለኮለከ ይወርዳል። የውኃው አባት አያ ገዳሙ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ መቼ እንደሚጠረግ፣ ማን እንደሚቀዳ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው። በዓመት አንዴ አገሩ ወጥቶ ቅጠሉንና ደለሉን ይጠርጋል። ድንጋዩን ያሸ ግን ይቀጣል። ምንጭ አይራቆትም ይላሉ።

"አያ ገዳሙ፣ እርሾ ልለምን መጣሁ" አለች ሥራነሽ።

"ከተማ ሊጥ አጣችሁ?"

"ለዓሣ ነው።"

አያ ገዳሙ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። "ይኼ ነው ያሳበደሽ?"

ነገሩን አስረዳች። ሽማግሌው አልሳቁም። በዘንጋቸው እየመሩ ወደ ጥላው ወሰዱን። "ፀሐይ የሚያየውን አረንጓዴውን ተይው። ከዚህ ውሰጂ፤ ውኃው ከሚጣደፍበት፣ ቡናማውን።" ወደ እኔ ዞሩ። "ከብቱ ከላይ አዛባውን ይጥልበታል። እዚህ ሲደርስ ሽታ የለውም፤ ከታች ቁራጭ ጣት የሚያህል ዓሣ ይዋኝበታል። ማን ያጠራዋል ትላለህ?"

ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ነካሁት። ይሙለጨለጫል። አርባ ዓመት ሙሉ ውኃ ስስብና ስገፋ ኖሬ፣ ውኃን የሚያጠራው ነገር ከጣቴ ሥር ሲኖር ቆሻሻ እያልኩ ስጠርገው ኖሬያለሁ።

ድንጋዮቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ሚኒባስ ላይ ወጣን። ረዳቱ ጆንያውን ዳበሰው።

"እማማ፣ ማርቆስ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?"

"ቀስ በል፤ ነፍስ አለው።"

"ነፍስ ካለውማ ታሪፍ ይከፍላል!"

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ሥራነሽ እስከ ማርቆስ ከውኃ ኮዳዋ ጆንያው ላይ ጠብ ስታደርግ ሄደች።

ስፖንጁን ጣልን። ሁለት በርሜል አቆምኩ፤ ለመንገድ የሚደፋውን ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ ሞላንባቸው፤ የምንጩን ድንጋይ ሥራነሽ ራሷ መሐል መሐሉን ቀበረችው። ፓምፑ ውኃውን ወደ ላይ ይወስዳል፤ ውኃው በድንጋዩ ውስጥ እየተንጠባጠበ ይመለሳል። ከጉድጓድ እየቀዳች ከኩሬው ውኃ በየቀኑ ጥቂት ትቀይራለች። የዓሦቹንም ምግብ ቀነሰች። "ሁዳዴ ገብቷል፤ ይጹሙ። ብዙ የበላ ብዙ ያቆሽሻል።"

በሁለተኛው ሳምንት አንዱ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ሞተ። ጽጌረዳው ሥር ቀበረችውና አንሶላዋን ማጠብ ቀጠለች።

በሦስተኛው ሳምንት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መብራት ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመጣ በርጩማ ላይ ቆማ በጆግ ከኩሬው እየቀዳች በርሜሉ ላይ ታፈስሳለች። ከጠዋት ጀምሮ! አንድ ጆግ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት፤ አንድ ጆግ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት።

"እትዬ፣ ክንድሽ ይገነጠላል።"

"እርሾው ውኃ ከቆመበት ይታፈናል። አንተ ትንፋሽህን ስትይዝ ስንት ሰዓት ትቆያለህ?"

ጆጉን ተቀበልኳት። ጸሎቱን ግን እሷ ቀጠለች።

የሆሳዕና ዋዜማ ሻጩ ትልቁን ማሽን በፒካፕ ጭኖ መጣ። መሳፍንትም ሊከፍል ተዘጋጅቷል። "መጀመሪያ ጉዳቱን ላሳይዎት" አለና ሻጩ ከኩሬው ቀዳ፤ ጠብታውን ጨመረ፤ ነቀነቀ። ጠበቅን።

ውኃው እንደ ገለባ ቢጫ ሆነ።

"ይኼ ጠብታ ቀኑ አልፎበታል" አለ። ሌላ አዲስ ጠብታ ከፍቶ ሞከረ፤ ያም ቢጫ። ከመኪናው የታሸገ ውኃ አምጥቶ ሞከረ፤ ያም ቢጫ። ሦስቱን ብልቃጥ ጎን ለጎን ይዞ ፀሐይ ላይ አነሣቸው። አንዱን ከአንዱ የሚለየው አልነበረም። ከብት አዛባ የሚጥልበት ምንጭ የሰጠን ድንጋይ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ያለ ደመወዝ፣ በጨለማ በርሜል ውስጥ ይህን ሲሠራ ሰንብቷል።

ሥራነሽ ፍርፋሪ በተነች። አራቱ ዓሦች እየተጋፉ ወጥተው ጣቷን ጠቡት።

ሂዊ የበርሜሉን ክዳን አንሥታ አፍንጫዋን ያዘች። "ጥሩ ነው። ግን ይኼን እንግዳ ሳያየው እናሳጥበው።"

"እኔ ቆሜ? አይታጠብም!" አለች፣ አሥራ አንድ ዓመት በአንሶላ ላይ ነጥብ ያላስተረፈችው ሴት።

መሳፍንት መጀመሪያ በርሜሉን አየ፤ ቀጥሎ ማሽኑን አየ። "መልሰህ ውሰደው" አለው ሻጩን። ለሥራነሽ ይቅርታ አልጠየቀም፤ የእኛ አገር ሀብታም ይቅርታ አያውቅም። "ቆዪ" ብቻ አላት።

ሻጩ አልሄደም። በርሜሉ ዙሪያ ሲዞር ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እማማ፣ አዲስ አበባ ዓሣ የሚያልቅባቸው ደንበኞች አሉኝ። ከዚህ ድንጋይ ጥቂት ቢሸጡልኝ... ስንት ልስጥዎ?"

"እርሾ ይሸጣል እንዴ? እናትህ ሸጣ ታውቃለች?"

እጇን በርሜሉ ውስጥ እስከ ክርኗ አስገብታ ሦስት ድንጋይ አወጣች፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለችለት። መኪናውን ሲያስነሣ መስኮቱን ይዛ አቆመችው።

"ደጀን ስትደርስ ወርደህ ውኃ አርከፍክፍበት። የአባይ በረሃ ሙቀት ይገድለዋል። የቧንቧ ውኃ እንዳታስነካው፤ ሰማኸኝ? ከሰው ቤት ጉድጓድ ለምነህ ቅዳ።"