«ተቀበልሁ» ያላልሁበት ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት ከዶርማችን መስኮት ሥር ባለው ሣር ላይ የወፍ መንጋ አረፈ። ትናንት ከካፌ የተረፈ ሩዝ እዚያ ደፍተውት ኖሯል። ወፎቹ ሲንጫጩ ስሰማ ሳላስበው አጨበጨብሁና «ሆ!» ብዬ ጮህሁ። ከታች ልብስ የምታጥብ ልጅ ቀና ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ከበላዬ አልጋ ላይ ያለችው ሜሮን ግን አልሳቀችም፤ አልተንቀሳቀሰችምም።

ሜሮን እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ለዚህ ጽሑፍ ብቻ እንዲህ እንበላት። እንደኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። መጀመሪያ ላይ ቁርስ አብረን እንወርድ ነበር። ከዚያ «እናንተ ሂዱ» ማለት ጀመረች። ቆይታ እሱንም ማለት ተወች። ነጠላዋን ከአልጋው ብረት ላይ እንደ መጋረጃ ሰቅላ ከኋላው ትውላለች። ያን ነጠላ ቀና ብዬ እያየሁ፣ ልቤ ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ አንድ የኅዳር ቅዳሜ ሄደ።

ያን ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። ቤታችን ከወረታ ከተማ ራቅ ብሎ ከርብ ወንዝ ማዶ ነው። ከገጠር የመጣ ተማሪ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ይማራል፤ ዓርብ ከሰዓት በእግሩ አገሩ ይገባል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። የኔ ክፍል ከሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ጀርባ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ወፍጮው ይጮኻል፤ የገለባው ብናኝ በበሩ ሥር እየገባ ደብተሬም ትራሴም ላይ ይቀመጣል። አብራኝ ትኖር የነበረችው የአክስቴ ልጅ በመስከረም ትዳር ይዛ ሄደች። ክፍሏ ሰፊ አልነበረችም፤ እሷ ከሄደች በኋላ ግን ሰፋችብኝ።

ብቸኝነት ሰው የሌለበት ቦታ መሆን ይመስለኝ ነበር። ወረታ ደግሞ ሰው ሞልቷታል። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ባጃጁ፣ የጭነት መኪናው፣ ሻጩ፣ ተሳፋሪው ሲተራመስ ይውላል። እኔ በመሐሉ ደብተሬን አቅፌ አልፋለሁ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ እስክተኛ ድረስ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። የማገኛቸው የአገሬ ሰዎች «ትምህርት እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን» እላለሁ። ነገር ግን ያነበብሁት አይያዝልኝም፤ ውጤቴ እየወረደ ነበር። አባቴ ደግሞ ለሰው ሁሉ «የኔዋ ሐኪም ልትሆን ነው» ብሎ ጨርሷል።

ከዚያ ሐሳቡ መጣ። በአንድ ጊዜ አልመጣም። መጀመሪያ «ነገ ባይነጋ» የሚል ምኞት ነበር። ቆይቶ «እኔ ባልኖርስ ማን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ሆነ። ኋላማ መልሱንም ይዞ ይመጣ ጀመር፤ «ማንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ይገላገላሉ» ይለኝ ነበር። በራሴ ድምፅ ስለሚናገር እውነት መሰለኝ። ሰው በራሱ ድምፅ የሚነገረውን ውሸት ለይቶ ማወቅ እንዴት እንደሚከብደው ዛሬም ይገርመኛል።

በዚያ ሰሞን አንድ ዓርብ አገር ገባሁ። ሩዙ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል። የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ሸሽቶ ጭቃው ቀርቷል፤ አየሩ እርጥብ ገለባና የከብት በረት ይሸታል። በዚህ ወቅት በኛ አገር ትልቅ ትንሹ ወፍ ጠባቂ ነው። ወፍ ደግሞ ሰንበት አያውቅም። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የተቆላ ሽምብራ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝና ወደ ማማው ላከችኝ። ማማ የምንለው በማሳው መካከል በእንጨት የተሠራውን የጠባቂ መቀመጫ ነው።

የወፍ ጥበቃ የራሱ ሥርዓት አለው። ከኔ ማሳ የተባረረ ወፍ ሰማይ ላይ አይቀርም፤ የጎረቤቴ ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ዝም ብሎ ማባረር ነውር ነው። ወንጭፌን ስወነጭፍ «መጣልሽ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ ጎረቤቴ «ተቀበልሁ!» ትላለች፤ እሷም ስታባርር ለሚቀጥለው «መጣልህ!» ትለዋለች። ጥሪው ከማማ ወደ ማማ እየተቀባበለ እስከ ወንዙ ይወርዳል። «ተቀበልሁ» ያላለ ሰው ካለ ወይ ተኝቷል፣ ወይ አንድ ነገር ሆኗል። ጎረቤቱ ሄዶ ያየዋል።

የኛ አዋሳኝ እትዬ ይርገዱ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው ስል የሆነ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ወንዝ ይሻገራል ይባል ነበር።

«መጣልሽ!» አሉ።

ሰማሁ። አፌ ግን አልተከፈተም። ግሪሳው እንደ ደመና ወርዶ የአባቴን ሩዝ ሲለቅም ቁጭ ብዬ አየሁት። ወንጭፉ ጭኔ ላይ ነበር፤ እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ያ ሐሳብ እንደዚያ ቀን ቀርቦኝ አያውቅም ነበር።

«አንቺ! ትርንጎ! መጣልሽ እኮ ነው የምልሽ!»

ወንጭፉን አላነሣሁም።

እትዬ ይርገዱ ቀሚሳቸውን ወደ ወገባቸው ሰብስበው፣ ድንበሩን ዘለው፣ ጭቃውን እየረገጡ መጡ። እስኪደርሱ ድረስ ስድባቸው አልተቋረጠም።

«እንቅልፍሽ ከመጣ ቤትሽ አትተኚም? ግሪሳው የናንተን ቁርስ አድርጎ ምሳውን በኔ ሊያደርግ ነው! የተማረ ሰው ወፍ ጠብቆ ሞልቶለት!»

ማማው ሥር ደርሰው ቀና አሉ። ፊቴን አዩና የቀረውን ስድብ ዋጡት።

«አሞሻል?»

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።»

«እግዜርማ ምን ጊዜም ይመስገን። እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

መሰላሉን ይዘው ወጡ። ማማው ሲጥ አለ። «ይሄ ለሁለት ሰው አልተሠራም፤ ጠጋ በይ» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። ከመሐረቡ ሽምብራ ዘግነው ይቆረጥሙ ጀመር። ግሪሳው ይለቅማል። እሳቸው አላባረሩትም። ያስደነገጠኝ ይህ ነበር፤ እትዬ ይርገዱ ወፍ ሩዝ ሲበላ እያዩ ዝም ያሉበትን ቀን አላውቅም።

ጥቂት ቆይተው፣ ስለ ዝናብ እንደሚጠይቅ ሰው፣ በዝግታ ጠየቁኝ።

«ትርንጎ፣ መሞት ያምርሻል?»

ይህን በአፉ አውጥቶ የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጥያቄው ራሱ እግዜርን የሚያስቆጣ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ጠየቁ፤ ማማውም አልፈረሰም። «አዎ» አልሁ። ቃሉ ከወጣ በኋላ እንባው ተከተለ።

«ኃጢአት ነው» አላሉኝም። «ምን ጎደለሽ?» አላሉኝም። ጭቃ በነካው እጃቸው ጀርባዬን ይዘው፣ እንባዬ እስኪያበቃ ጠበቁኝ።

«ለናትሽ ነግረሻታል?»

«ኧረ በማርያም! እሷ ይህን አትችለውም።»

ሳቁ። በዚያ ሰዓት መሳቃቸው ገረመኝ።

«እናትሽ አትችለውም? የኔን ችላዋለች እኮ።»

«የርስዎን ምን?»

«የበኩር ልጄን የቀበርሁ ዓመት እኔም እንዳንቺ አምሮኝ ነበር። እናትሽ ያኔ ሙሽራ ናት። ነገርኋት። ማታ ምንጣፏን ይዛ መጣች። ክረምቱን ሙሉ እኔ ጋ አደረች።» ሽምብራ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። «ስታንኮራፋ ደግሞ! ሞት ራሱ ደጄ ድረስ ቢመጣ ያን ሰምቶ ይመለስ ነበር።»

በእንባዬ መካከል ሳቅ አመለጠኝ። በዚያ ወር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«በይ ተነሺ፣ ወደሷ እንሂድ።»

«ሩዙስ?»

እትዬ ይርገዱ ቆመው እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አድርገው ወደሚቀጥለው ማሳ ጮኹ። «ሁለታችንም የለንም! ተቀበሉልን!»

ከሩቅ የአንድ ሰው ድምፅ መለሰ። «ተቀበልሁ!»

እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ በሰፌድ ምስር ትለቅም ነበር። እትዬ ይርገዱ ነገሩን ሳያዞሩ ነገሯት። ሰፌዱን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ ጎትታ እቅፏ ውስጥ ከተተችኝ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። ቀጥላ ያለችው ግን «ልጄን ዓይን በልቷታል፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ እወስዳታለሁ» የሚል ነበር።

«ውሰጃት» አሉ እትዬ ይርገዱ። «ፍል ውሃው ሰውነቷን ያፍታታላታል። ግን ጤና ጣቢያም ትሂድ። በአንድ በሬ ያረሰ ማን አለ?»

ሰኞ እኔ፣ እናቴና እትዬ ይርገዱ ወረታ ጤና ጣቢያ ሄድን። የተቀበለችን ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። እናቴን ጥቂት ውጭ እንድትቆይ በትሕትና ለምና፣ ያንኑ ጥያቄ እንደ እትዬ ይርገዱ በቀጥታ ጠየቀችኝ። ለሁለተኛ ጊዜ «አዎ» ማለት ቀለለኝ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ብዙ ልጆችን እንደሚያስጨንቅ፣ ሕክምናና ድጋፍ እንዳለው፣ ሲበረታብኝ ብቻዬን መሆን እንደሌለብኝ ነገረችኝ። ከዚያ እናቴን አስገብታ ማን አብሮኝ እንደሚያድርና ሲከፋኝ ለማን እንደምናገር ከሁለታችን ጋር ተነጋገረች። ተመላልሼ እንድመጣም ቀጠረችኝ፤ ተመላለስሁ።

ወንዛዬም ሄድን። እናቴ በሞቀው ውሃ ውስጥ ጀርባዬን እያሸችኝ፣ ፊቴን ሳታይ፣ «ሐኪም ባትሆኚም ልጄ ነሽ፤ አባትሽም እንዲሁ ብሏል» አለችኝ። አባቴ በእርግጥ እንደዚያ ማለቱን እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

እናቴ ቤቱን ለሱ ትታለት እስከ ገና ድረስ ወረታ ከኔ ጋር ተቀመጠች። ቀን ወፍጮው፣ ሌሊት እሷ ሲጮኹብኝ ከረሙ። እትዬ ይርገዱ አላጋነኑም ነበር። ሐሳቡ ባንድ ጊዜ አልጠፋም፤ እየራቀ፣ እየተመለሰ፣ ደግሞ እየራቀ ሄደ። አሁንም በፈተና ሰሞን አንዳንዴ በሩቁ ይታየኛል። ያኔ ለእናቴ እደውላለሁ። «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ እግዜርን አመሰግንና ቀጥዬ እውነቱን እነግራታለሁ።

ይህን የምጽፈው ከተማሪዎች ክሊኒክ በር ፊት ለፊት ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጠዋት ሌሎቹ ቁርስ ሲወርዱ እኔ ቀረሁ። ወደ ላይኛው አልጋ ወጥቼ ነጠላውን ገለጥ አደረግሁና «ጠጋ በይ» አልኋት። ደንግጣ ጠጋች። ድምፄ እንደ እትዬ ይርገዱ አልረጋም። ከተሳሳትሁ ትቀየመኛለች ብዬም ፈራሁ። ቢሆንም ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋት።

ከውጭ ወፎቹ ይንጫጫሉ።

«እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ።

አላወቅሁም ነበር። ዝምታዋን ብቻ ነው የሰማሁት፤ ዝም ያለን ሰው ሄዶ ማየት ደግሞ በኛ አገር ሥርዓት ነው። ይህንኑ ነገርኋት። ስታለቅስ አብሬያት ቆየሁ፤ ከዚያ አብረን ወደዚህ መጣን። አሁን ከበሩ ወዲያ ከአማካሪዋ ጋር እየተነጋገረች ነው። እስክትወጣ ከዚህ አልንቀሳቀስም።

መንገድ ላይ ሳለን «ዛሬ አንቺ በኔ አልጋ ተኚ፤ እኔ ያንቺን ፍራሽ አውርጄ አጠገብሽ ወለሉ ላይ ነው የማድረው» ብያት ነበር። ጥቂት ከተራመደች በኋላ ቆም ብላ አየችኝ።

«አንቺ እኮ ታንኮራፊያለሽ» አለችኝ።

«በእናቴ ወጥቼ ነው» አልኋት።